ሽሮው ምን አጠፋ?

ዛሬ የሰው ቤት ጉዳይ አላነሳም። የራሴን ጥፋት ነው ይዤላችሁ የመጣሁት።

ጥፋቴ ይህ ነው፦ ምራቴን ለሁለት ሳምንት ያህል ሽሮ ከለከልኳት። ሽሮ ብቻም አይደለም። ምስሩን፣ የአተር ክኩን፣ እንቁላሉን፣ በፍስኩ ቀን ደግሞ ጥብሱን ሁሉ ከፊቷ አነሳሁ። ጠዋት አጃ፣ ምሳ ላይ ድንችና ጎመን፣ ማታም ያንኑ ድንችና ጎመን አቀርብላት ጀመር። እሷ ክርክር አትወድም። "እማዬ ያሉት ይሁን" ትልና ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተወዋለች። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ግን ዝም አላለም። "አያቴ፣ እናቴ ምን አጥፍታ ነው ሽሮ የተከለከለችው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ለጤናዋ ነው" አልኩት። የእውነትም ለጤናዋ መስሎኝ ነበር።

ምራቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ አንድ ዓመት ሊሞላ ነው። ልጄ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሕመም ያልጠየቀው ሰው፣ ያላገላበጠው ጽሑፍ የለም። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ "እማዬ፣ በዚህ በሽታ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን እየተከማቸ ነርቩን እንደሚጎዳው ደርሰውበታል" አለኝ። እኔ ደግሞ 31 ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ሽሮና ምስር፣ ሥጋና እንቁላል ገንቢ ምግቦች፣ ማለትም ፕሮቲን መሆናቸውን ስንቱን ተማሪ በቃሉ አስይዣለሁ። ፕሮቲን ከተከማቸባት ታዲያ ፕሮቲን ለምን እንሰጣታለን? ማንንም ሳላማክር ሌሊቱን ወሰንኩ። ጠዋት የሽሮውን ዕቃ ከመደርደሪያው አነሳሁት።

ከመካከላችሁ "ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?" የምትሉ እንደማይጠፉ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ምራቴ ግራ ዓይኗን ያማት ጀመር። ዓይኗን ስታንቀሳቅስ ይወጋታል፣ የምታየው ነገር ጭጋግ የለበሰ ይመስላታል፣ ቀይ ቀለም ደግሞ ደብዝዞ ይታያታል። ዓይን ሕክምና ሄዳ ጠብታ ተሰጣት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሻላት፤ ሁላችንም ረሳነው። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች "ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ ነው" ብለን ዘጋነው።

ከዚያ ሚጡን ፀነሰች። በእርግዝናዋ ወራት ደኅና ነበረች፤ እንዲያውም እንዲህ አምሮባት አይቼ አላውቅም። ከወለደች በሁለተኛው ወር ግን ከእግር ጣቶቿ ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ ይደነዝዘኝ ጀመር አለች። አንገቷን ወደ ደረቷ ስትደፋ ኤሌክትሪክ የነካት ያህል ጀርባዋን ንዝረት ይወርዳታል። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት ተነስታ ሕፃኗን አጥባ፣ ፊቷን ታጥባ ስትጨርስ ቀኑን ሙሉ እህል ስታጭድ የዋለች ሰው ትመስላለች። ተመልሳ ትተኛለች።

እኔስ ምን አልኩ? "እኛ አምስት ወልደን፣ ገና ወሩ ሳይሞላ ምጣድ ላይ እንቆም ነበር" አልኩ። በፊቷ አልተናገርኩትም፤ እንድትሰማው አድርጌ ግን ለጎረቤት ተናገርኩት። እንዲህ ያለውን አነጋገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የሲኒ ረከቦቱን ይዛ ስትመጣ እጇ ከድቷት ከሰርጌ ጀምሮ የነበሩኝ ሲኒዎች ሲሰበሩም "ሐሳብሽ የት ነው ያለው?" አልኳት። ወገቧ ይጠንክር ብዬ ወይባ አሞቅኳት። ከጢሱ ስትነሳ እግሮቿ ታጠፉ፣ ዓይኗም ጨለመባት። አልጋ ላይ አጋድመናት ሰውነቷ ሲበርድ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። "ደም ማነስ ነው" ብዬ ቀይ ሥር መቀቀል ጀመርኩ።

አንዱ ሕክምና ቤት ቫይታሚን ሰጣት። ሌላው ጭንቀት ነው አላት። ሦስተኛው ቦታ ያገኘቻት የነርቭ ሐኪም ግን የአምስት ዓመቱን የዓይን ሕመም ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቀቻት። የጭንቅላትና የአንገት ኤምአርአይ ተነሳች፤ ከወገቧም የአከርካሪ ፈሳሽ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ በአንጎሏና በአንገቷ ውስጥ የቆዩም አዲስም ጠባሳዎች ተገኙ። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ለአምስት ቀን ወስዳ መደንዘዙ ቀስ እያለ ለቀቃት። ድካሙ ግን አልለቀቃትም።

እንግዲህ ሽሮውን የከለከልኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት፤ ልጄ ሥራ ስለነበረው አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ዶክተሯ ሲመዝኗት ክብደቷ ቀንሷል። "ምግብ አስጠላሽ?" ሲሏት ምራቴ ወደ እኔ አየችና መልሳ መሬት መሬት አየች። እኔም በኩራት ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ዶክተሯ መጀመሪያ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ ከዚያ ግን "እናቴ፣ ሽሮው ምን አጠፋ?" ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። የዚያን ቀን የሰማሁትን፣ በኋላም ከልጄ ጋር ሆነን ያነበብነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ።

አንጎላችንና ሕብለ ሰረሰራችን ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ረጃጅም ክሮች አሏቸው። "እጅህን አንሣ"፣ "እግርህን አስቀድም" የሚለው መልእክት የሚሄደው በእነዚህ ክሮች ነው። ክሮቹ ማይሊን በሚባል ቅባት የበዛበት ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ የመብራት ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚሸፈን ማለት ነው። በዚህ ሕመም ከተዋህስያን ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና ይህን ሽፋን ያጠቃል። የጥበቃ ውሻ የቤቱን ልጅ ሲነክስ አስቡት። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ጥቃቱ የዓይን ነርቭ ላይ ሲሆን ዓይን ይጋረዳል፤ ሕብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን እግር ይደነዝዛል። ስፍራው ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪሱ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል በሽታውን በዝርዝር ሲገልጽ የሕመምተኞቹን ምልክት በአንጎላቸው ውስጥ ከተገኙት ጠባሳዎች ጋር አያይዞ ነበር። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ "በርካታ ጠባሳዎች" እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ። ሴቶች ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይበዛሉ። በሽታው የሚታወቅበት አማካይ ዕድሜ 32 ነው፤ ሰው ልጅ በሚያሳድግበት፣ ቤት በሚያቋቁምበት ጊዜ ማለት ነው። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙት እንደ ሰሜን አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ባሉ አገሮች ይበዛል፤ በእኛ አካባቢ ብዙም የሚሰማ አይደለም። ስለዚህ ሐኪም ቶሎ ባይጠረጥረው፣ ቤተሰብም ስሙን ሰምቶ ባያውቅ የሚገርም አይደለም። የእርግማን ወይም የቡዳ ሥራ ግን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

"ከየት መጣባት ታዲያ?" ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ብቻውን የሚያመጣው ነገር የለም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ የፀሐይ ብርሃንና ቫይታሚን ዲ ማነስ አለ፤ ሲጋራ አለ። ከሁሉ ይልቅ ኤፕስታይን ባር የሚባል፣ አብዛኞቻችን በልጅነትና በወጣትነት ሳናውቀው የሚይዘን ቫይረስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ጦር አባላትን መረጃ መርምረው በዚህ ቫይረስ ከተያዙ በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድል 32 ጊዜ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሆኖም ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት በዚህ ሕመም አይያዙም። የልጅ ልጆቼ ነገር አሳስቦኝ ስጠይቅም ዶክተሯ አረጋጉኝ። እናቱ ወይም አባቱ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ገደማ ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ ልምጣ።

ለረጅም ዘመን የሐኪሞች ዓይን ያረፈው ሽፋኑ ላይ ነበር። የተላጠ ሽፋን በከፊልም ቢሆን ተመልሶ ሊጠገን ይችላል፤ የምራቴ ዓይን በሦስት ሳምንት የተመለሰውም እብጠቱ ስለበረደና ነርቩ ራሱን ስለጠገነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 የወጡ ጥናቶች ግን ሽፋኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ እንደሚጎዳና እንደሚበጠስ በግልጽ አሳዩ። ያውም በሽታው ብዙ ከቆየ በኋላ ብቻ አይደለም፤ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ደግሞ የተበጠሰ ሽቦ ተመልሶ አይቀጠልም። ከሕመሙ የሚለቀውና የማይለቀው አንዱ ልዩነት ይህ ነው።

መበጠሱ የታወቀው እንዴት እንደሆነ ስሰማ ገረመኝ። የነርቭ ሕዋስ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዋናው አካሉ ውስጥ ነው። ከዚያ በክሩ ውስጥ እያጓጓዘ እስከ ጫፍ ያደርሰዋል። የዓባይ በረሃ መንገድ በናዳ ሲዘጋ የጭነት መኪኖች ምን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ፤ ከተዘጋበት ቦታ ወዲህ ይሰለፋሉ። ክሩ ሲጎዳም እንዲሁ ነው። ሲጓጓዝ የነበረው ፕሮቲን ከተጎዳው ቦታ ላይ ይከመራል። ተመራማሪዎች በአጉሊ መነጽር ያዩት ያንን ክምር ነው። ይህ እንግዲህ የጉዳቱ ምልክት የሆነ ክምችት ነው።

ልጄ ያነበበው ግን ከዚህ የተለየ ነው። እሱ የሚናገረው ራሱ ጉዳት ስለሚያደርስ ክምችት ነው። በጀርመን አገር በሐምቡርግ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት ባሱን ስለሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ ከሙዚቃ መሣሪያ የተወሰደ ነው፤ ባሱን እንደ እኛ እምቢልታ በትንፋሽ የሚጫወቱት ረጅም መሣሪያ ነው። ይህ ፕሮቲን በጤነኛ ሰው ዘንድ መልካም ሠራተኛ ነው። የነርቭ ክር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበትን ስፍራ ያደራጃል። ነርቭ በተቆጣ አካባቢ ውስጥ ሲቆይ ግን ይህን ፕሮቲን ከሚገባው በላይ ይሠራል። ፕሮቲኑም ሥራው ወዳለበት ጫፍ በመሄድ ፈንታ በሕዋሱ ዋና አካል ውስጥ ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ ክምችቱን በዚህ ሕመም በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥም፣ ተመሳሳይ ሕመም ባለባቸው አይጦች ውስጥም አይተውታል። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች ነርቭ ከጉዳቱ ተጠብቆ ተገኝቷል። ዝንቦች ውስጥ ፕሮቲኑ እንዲሠራ ሲደረግ ደግሞ ዝንቦቹ ተጎድተዋል።

"ለምን አያስወግደውም?" ብዬ ጠየቅኩ። ሕዋስ ያረጀና የተበላሸ ፕሮቲን የሚፈጭበት የራሱ መሣሪያ አለው። ዶክተሯ ይህን ሲያስረዱኝ የሰፈራችን ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ትዝ አሉኝ። በየሳምንቱ ሲመጡ መኖራቸውንም አናስተውል። ሦስት ሳምንት ሲቀሩ ግን ማዳበሪያው በር ላይ ይደረደራል፣ ዝንቡ ይመጣል፣ በሩም አልከፈት ይላል። የሐምቡርጎቹ ተመራማሪዎች ይህን የሕዋሱን ማጽጃ በመድኃኒት ሲያበረቱት የአይጦቹ ነርቭ ጉዳት ቀንሷል። በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ እንደሚከማች ቀድሞም ይታወቅ ነበር። በዚህኛው ሕመምም ነርቩን የሚጎዳው የውጭው ጥቃት ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚከማቸውም ጭምር ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው።

ዶክተሯ ጣታቸውን አንሥተው አጥብቀው የተናገሩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ይህ ገና የምርምር ውጤት ነው እንጂ ፋርማሲ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም። "አንጎል ያጸዳል፣ ነርቭ ያጥባል" እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ከዚህ ጥናት ጋር ምንም አያገናኘውም። ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም፤ አንድ ዘመዳችን እንዲህ ያለ ጠርሙስ ይዞልን ከመጣ ገና ወሩ አልሞላም ነበር።

"ሽሮውስ?" አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ።

ሽሮው ምንም አላጠፋም። የምንበላው ፕሮቲን እንዳለ ወደ አንጎል አይሄድም። ሆድና አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፤ አሮጌ ቤት ፈርሶ ድንጋዩ ለሌላ ቤት እንደሚውል፣ ሰውነት ፍርስራሹን ወስዶ የሚያስፈልገውን ይገነባበታል። ነርቭ ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን የሚሠራው ራሱ ነርቩ ነው፤ ለመከማቸቱም ምክንያቱ ቁጣውና የማጽዳቱ መዳከም ነው እንጂ የወጡ ዓይነት አይደለም። ይልቁንስ ጡንቻዋ እንዳይሟሽሽ፣ እግሯም እንዲጸና ምስሩም እንቁላሉም ያስፈልጓታል። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያደረግኩት ደካማውን የበለጠ ማድከም ነበር።

ዶክተሯ ሳይቆጡኝ የሚጎዳትንና የሚጠቅማትን ነገሩኝ። ለእናንተም ይጠቅማልና ልጥቀሰው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ማቋረጥ ነው። በሽታውን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ጥቃቱን የሚያበርዱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አሉ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ብዙ ነው። ሽቦው ሳይበጠስ ሽፋኑን ማዳን ስለሚሻል ቶሎ መጀመርና አለማቋረጥ ይመከራል። ችግሩ ዋጋው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚህ ሕመም የሚሆኑ ሦስት መድኃኒቶችን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። አንደኛው ሪቱክሲማብ፣ ቀድሞ በካንሰር መድኃኒትነት የሚታወቅ ነው። ምራቴ የምትወስደው እሱን ነው። የእኛ ቤት የዓመቱ ዕቅድ ሁሉ የሚሠራው ከዚያ መድኃኒት ዋጋ ተነስቶ ነው።

ጠበል እንዳልወስዳት የነገረኝ የለም። እኔም ወስጃታለሁ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። ነገር ግን "ጠበል ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪ" የሚል ሰው ሲመጣ በሩ ላይ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ሲለፉ ዓይናቸው እንደሚደክም ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ የሰውነት መሞቅ መሆኑ የታወቀው ከጊዜ በኋላ ነው። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ሰውነት ሲሞቅ መልእክት ማድረስ ይሳነዋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ያ ወይባ ይህንን ነው ያደረገው! ደም ማነስ አልነበረም። ቀይ ሥሩም አለ ኃጢአቱ ነው የተቀቀለው።

ሦስተኛው የወሊድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ 254 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው ጥቃቱ በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ይቀንሳል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ይጨምራል። የምራቴ ነገር ልክ እንደዚሁ ነበር። እኛ አያቶች አራስ የምንጠይቅ፣ ገንፎ የምናገነፋ ሰዎች ነን። አራስ ስትደክም ሁሉም ድካም የአራስነት አይደለም። መደንዘዝ፣ የእግር መክዳት፣ የዓይን መጋረድ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

አራተኛው ድካሙ ነው። ይህን ሲናገሩ ዶክተሯ ምራቴን አላዩዋትም፤ እኔን ነው ያዩኝ። ከዚህ ሕመም ምልክቶች ሁሉ ሰውን ከሥራው የሚያስቀረው፣ ቤተሰብም ከሁሉ በላይ የማያምነው ድካም ነው አሉ። እግር ቢሰበር ጀሶው ይታያል። ነርቭ ግን የተጎዳውን መንገድ ለመዞር ስንት እጥፍ እንደሚለፋ ከውጭ አይታይም።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ መንገድ ሳንነጋገር ሄድን። ከዚያ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ "እማዬ፣ የሽሮውስ ምንም አይደለም" አለችኝ። ትንሽ ቆየችና ደግሞ "ለጎረቤት 'ትተኛለች' ሲሉ የሰማሁት ነው የከበደኝ። እኔም ራሴ ሰነፍ የሆንኩ እየመሰለኝ ስንት ሌሊት አለቀስኩ" አለች።

በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው፣ ያውም ለምራት፣ "ይቅር በይኝ" ማለት እንዴት እንደሚከብድ አታውቁም አልላችሁም። ታውቁታላችሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሁለት ፌርማታ አለፍን። በሦስተኛው ላይ "ይቅር በይኝ ልጄ" አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ያ በቀኝ በኩል ጣቶቹ አሁንም በደንብ የማይሰሟት እጇ ነበር። እንደያዘችኝ ለማወቅ ዝቅ ብላ አየችው።

ወዳጆቼ፣ ነርቭ ውስጥ የሚከማቸውን እኔ ላጸዳው አልችልም። እሱ ለሐምቡርጎቹና ለመሰሎቻቸው ይሁን፤ እግዚአብሔር ይርዳቸው። በቤታችን ውስጥ የሚከማቸውን ግን የምንችለው እኛው ነን። ሥራው እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ለምን እንደዘገየሁ አላውቅም። አሁን ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ምራቴ ትተኛለች፤ ሚጡን የምይዘው እኔ ነኝ። እንጀራው የሚጋገረው እሷ በሌለችበት ሰዓት ነው፣ ኩሽናው ስለሚሞቅ። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አብረን እስከ ታላቁ መንገድ ደርሰን እንመለሳለን፤ መራመዱ ይጠቅማታል ተብለናል። ሲኒ የማቀርበው እኔ ነኝ። ጎረቤት መጥታ "የት ናት?" ስትለኝ ደግሞ "አርፋለች፣ ሐኪም ያዘዘላት ነው" እላለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንድትሰማው።

የዚያን ዕለት ማታ ሽሮ ሠራሁ። ሽንኩርቱን አብዝቼ፣ ቃሪያ ከትፌበት፣ በሸክላ ድስት እንደተንተከተከ አቀረብኩ። የልጅ ልጄ ድስቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያም እኔን አየኝ።

"አያቴ፣ ይቅር አልሻት?" አለኝ።

"እሷ ናት ይቅር ያለችኝ" አልኩት። ለነገሩ ብዙም አልተገረመም። ጉርሻውን ጠቅልሎ ለእናቱ አጎረሳት።

ደኅና ሰንብቱልኝ።